የአያት አማርኛ ለልጅ ልጅ እንግሊዝኛ

አመሻሽ ላይ ነው። አሽቀሎን፣ ሺምሾን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቶ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ይሠራል። አያቱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ስልካቸው ድምፁ ከፍ ተደርጎ አጠገባቸው ተቀምጧል፤ ከጎንደር የደወሉ ዘመድ የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ እየጠየቁ ነው። ተራው የልጁ ሲደርስ አያቱ፣ «እሱማ እያጠና ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «አዎ፣ ማታ ማታ ያጠናል» ሲሉ አከሉ። ዘመዳቸው አድንቀው ሳይጨርሱም፣ «ዛሬስ ብዙ አጥንቷል፣ እግዜር ይመስገን» አሉ።

ልጁ አልሰማቸውም። ዓይኑ ሦስት ክፍት ቦታዎች ላይ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰውየው አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ያጠናል፤ በሁለተኛው ሁልጊዜ ማታ ያጠናል፤ በሦስተኛው ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ምዕራፍ ጨርሷል። ልጁ በሦስቱም ቦታ «ሂ ስተዲ» ብሎ ጽፏል። የሚፈለጉት መልሶች «ሂ ኢዝ ስተዲይንግ»፣ «ሂ ስተዲስ» እና «ሂ ሃዝ ስተዲድ» ነበሩ። አያቱ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይችሉም። የመልመጃውን ሦስት መልሶች ግን በሦስት ትንፋሽ፣ በቅደም ተከተል፣ ሳይሳሳቱ ተናግረዋል።

ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የሳተው። የሚያስበው በዕብራይስጥ ነው። ዕብራይስጥ ደግሞ ለአሁን ጊዜ ያለው አንድ የግሥ መልክ ብቻ ነው። «ሁ ሎሜድ» ስትሉ «ያጠናል» ማለታችሁም ነው፣ «እያጠና ነው» ማለታችሁም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው «አሁን» ወይም «በየቀኑ» የሚል ቃል ሲታከልበት፣ አለዚያም ከነገሩ አካሄድ ነው። ሦስተኛውን፣ «አጥንቷል» የሚለውን፣ ዕብራይስጥ በተራ ኃላፊ ጊዜ ይናገረዋል፤ «ቀድሞውንም» እንደማለት «ክቫር» የምትለዋን ቃል ቢያክልበት ነው። በዚያ ላይ የአሁን ጊዜ ዕብራይስጥ «ነኝ፣ ነህ፣ ነው» የለውም። «ተማሪ ነኝ» ለማለት «አኒ ታልሚድ» ይበቃል። ስለዚህ ልጁ በእንግሊዝኛ «አይ ስቱደንት» ቢል፣ በቋንቋው ሕግ የጎደለ ነገር አልታየውም። እንግሊዝኛ ግን የአሁን ጊዜን አራት ቦታ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ መልክ ይጠይቃል።

በአሽቀሎን እንግሊዝኛ እንግዳ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ አስቀሎና ብለን የምናውቃት ይህች የባሕር ዳር ከተማ፣ አፍሪዳር የተባለ ሰፈሯ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ገንዘብና ዕቅድ ነው፤ እነሱም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የመጡት ከዚያ ብዙ ዘግይተው ነው። ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1991 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በተጓጓዘበት የሰሎሞን ዘመቻ፣ ሌሎቹም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት። ለወላጆች የመጀመሪያው ጦርነት ዕብራይስጥ ነበር፤ ለልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሆነ።

ትግሉ ቀላል አይደለም። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ በሆነው በባግሩት ፈተና እንግሊዝኛ በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት የሒዶት፣ ማለትም የትምህርት አሃድ፣ ይወሰዳል፤ ዩኒቨርሲቲዎች አምስት ለወሰደ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ሦስት የወሰደ ግን ብዙ በር ይዘጋበታል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሆነው በፕሲኮሜትሪ ፈተናም ከሦስቱ ዘርፎች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። ከ50 እስከ 150 በሚደርሰው ልኬት 134 ያመጣ «ፕቶር» ያገኛል፣ ማለትም ከእንግሊዝኛ ኮርስ ነፃ ይሆናል፤ ያላመጣ በገንዘቡና በጊዜው ኮርስ ይወስዳል። አቅም ያለው ወላጅ የግል አስተማሪ ይቀጥራል። የሌለው ደግሞ፣ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ በምን ልርዳው?» ይላል። ይህን ቃል ከእናቶችም ከአባቶችም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ባያውቁም፣ የእንግሊዝኛን የአሁን ጊዜ ለመረዳት የሚያስፈልገው ልዩነት አፋቸው ውስጥ አለ።

እንየው። አማርኛ «ይበላል» እና «እየበላ ነው» ብሎ ይለያል። «ልጄ ሥጋ ይበላል» ብትል እናት፣ ልማዱን መናገሯ ነው፤ ልጁ በዚያች ሰዓት ተኝቶም ሊሆን ይችላል። «ልጄ እየበላ ነው» ካለች ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው፦ «ሂ ኢትስ ሚት» ልማድ፣ «ሂ ኢዝ ኢቲንግ» አሁን በመካሄድ ላይ ያለ ነገር። ሐኪም «ዱ ዩ ስሞክ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ?» ማለቱ ነው። «አር ዩ ስሞኪንግ?» ቢል ግን በጭስ የተሞላ ክፍል ውስጥ የገባ መሆን አለበት። በዕብራይስጥ ሁለቱም ጥያቄ «አታ ሜአሼን?» ነው። አማርኛ የሚናገር ሰው ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ፈጽሞ አያደባልቃቸውም።

ልዩነቱ በደቂቃ ብቻም አይወሰንም። «ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ እየተማረች ነው» የምትል እናት፣ ልጇ በዚያች ሰዓት ክፍል ውስጥ ናት ማለቷ አይደለም፤ ጊዜያዊ የሆነ፣ አንድ ቀን የሚያበቃ ነገር መጀመሩን መናገሯ ነው። «ሺ ኢዝ ስተዲይንግ አት ኤ ኮሌጅ ዚስ ይር» የሚለውም ይኸው ነው። የማያቋርጠውንና እውነትነቱ የማይለወጠውን ነገር፣ ለምሳሌ ፀሐይ በምሥራቅ መውጣቷን፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በቀላሉ መልክ ይናገሩታል። ያቺ «ነው»ም ልጁን የምታስተምረው ነገር አላት። አያት «እያጠና» ብለው አያቆሙም፤ «ነው» ይላሉ። ልጅም «ሂ ስተዲይንግ» ብሎ እንዳያቆም፣ «ኢዝ» የአያቱ «ነው» መሆኗን ማወቅ ይበቃዋል።

ሦስተኛው መልክ፣ የኢትዮጵያም የእስራኤልም ተማሪዎች «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚሉት፣ ብዙ እስራኤላውያን የሚወድቁበት ነው። የሆነው ነገር ያለፈ ነው፤ ለምን «ፕረዘንት» ተባለ? ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይሸከማል። የአማርኛው መልስ ግን ግሡ ውስጥ ተቀምጧል። «በልቷል» የተሠራው ከ«በልቶ» እና ከ«አለ» ነው። «በልቶ» ሰዋስው የጻፉ አባቶች ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ነው፤ ብቻውን አይቆምም። «አለ» ደግሞ የአሁን ነው፤ አሁን መኖርን ይናገራል። ስለዚህ «በልቷል» ማለት መብላቱ ያለፈ፣ ውጤቱ ግን አሁን እዚህ ያለ ማለት ነው፦ ጠግቧል፣ እንደገና አትጋብዘው። እንግሊዝኛም ያደረገው ይህንኑ ነው። «ሂ ሃዝ ኢትን» ሲል «ሃዝ» የአሁን ነው፣ «ኢትን» የተፈጸመው ነገር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን ከአሁኑ ጋር ለማሰር ሁለቱም ቋንቋዎች የአሁን ረዳት ግሥ ጠርተዋል። ዝምድና ሳይኖራቸው፣ አንዱ ከሴም ሌላው ከጀርመን ቋንቋዎች ወገን ሆነው፣ እዚህ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

«ቁልፌ ጠፋ» እና «ቁልፌ ጠፍቷል» የሚሉትን አስተውሉ። ሁለተኛውን የሚል ሰው አሁንም በር ላይ ቆሟል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ይህ ነው። ከኢትዮጵያ በወጣትነታቸው የመጡ ሰው «እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ» ሲሉ፣ ኑሮው አላበቃም፤ ዛሬም እዚሁ ናቸው። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ሠርቲ ይርስ» ነው። ዕብራይስጥ ግን ይህን በአሁን ጊዜ ስለሚናገር፣ የልጅ ልጃቸው «አይ ሊቭ ሂር ፎርቲን ይርስ» ብሎ ይጽፋል፤ መምህሩም በቀይ ያሰምርበታል።

ይህ ሁሉ ከአፍ ወግ ያለፈ፣ በደንብ የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ፖላንድ የተወለደው፣ መቶ ዓመት የኖረውና የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የመረመረው ቮልፍ ሌስላው፣ በ1995 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው፤ የቤተ እስራኤልን ጽሑፎችም በ1951 በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ያወጣ ሰው ነው። የቋንቋ ምሁሩ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» የተባለውን መጽሐፍ አማርኛን በራሱ በአማርኛ ለሚመረምር ትውልድ አበርክተዋል። አሽቀሎን ያለ የእንግሊዝኛ መምህር እነዚህን መጻሕፍት እንዲያነብ አይጠበቅበትም። ክፍሉ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያውያን ልጅ ቤት የሚነገረው ቋንቋ ለእንግሊዝኛ እንቅፋት እንዳልሆነ ማወቅ ግን ይገባዋል።

ሆኖም አማርኛ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ፤ እሱን ሳያውቁ በአማርኛ ብቻ መመራት ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ዋናው እነሆ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃኑን አልጋ ላይ አይቶ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ» ይላል። እኛ ምን እንላለን? «ተኝቷል»። «እየተኛ ነው» ካልን ገና ጋደም እያለ፣ እንቅልፍ እየወሰደው ነው ማለታችን ነው። «ሺ ኢዝ ሲቲንግ» የሚለው በአማርኛ «ተቀምጣለች» ነው፤ «እየተቀመጠች ነው» ካልን ወንበሩን ገና እየሳበች ነው። በበዓል ቀን የሐበሻ ቀሚስ ያደረገችን ሴት «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኋይት ድሬስ» ይሏታል፣ እኛ «ነጭ ቀሚስ ለብሳለች» እንላለን። «እየለበሰች ነው» ከተባለ በሩን አታንኳኩ፤ ገና አልጨረሰችም። «ቆሟል»፣ «ተንጋሏል»፣ «ይዟል»፣ «ተሸክሟል» ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። አማርኛ ለእነዚህ ግሦች ዋና አድርጎ የያዘው ወደ ሁኔታው መግባቱን ነው፦ መተኛት ማለት ወደ እንቅልፍ መሄድ፣ መቀመጥ ማለት ከቆሙበት ዝቅ ማለት፣ መልበስ ማለት ልብሱን ሰውነት ላይ ማዋል። መግባቱ ከተፈጸመ በኋላ ያለውን ሁኔታ «አለ» በምትለዋ ረዳት ይናገረዋል። እንግሊዝኛ ደግሞ ሁኔታውን ራሱን በመካሄድ ላይ እንዳለ ነገር ያየዋል። ስለዚህ የአማርኛውን መልክ እንዳለ አንስቶ «ዘ ቤቢ ሃዝ ስሌፕት» የሚል ተማሪ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ተነሥቷል ብሎ ተናግሯል። ለእናቱ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው! ሥዕል አይቶ የሚታየውን መግለጽ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት የተለመደ መልመጃ ነው፤ ሥዕል ውስጥ ያሉ ሰዎች ደግሞ ወይ ቆመዋል፣ ወይ ተቀምጠዋል፣ ወይ አንድ ነገር ለብሰዋል። ስለዚህ ይህን አንድ ነጥብ ለልጆች ደጋግሞ ማሳየት ከብዙ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ተቃራኒውም አለ። «ገብቶኛል» ስንል መልኩ የ«በልቷል» ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «አይ አንደርስታንድ» ብቻ ነው። «አውቃለሁ»፣ «እፈልጋለሁ»፣ «እወዳለሁ» የሚሉትን ሁለቱም ቋንቋዎች በቀላሉ መልክ ያስቀምጧቸዋል፤ «እያወቅኩ ነው» እንደማንል ሁሉ «አይ አም ኖዊንግ» አይባልም። «ደክሞኛል» ደግሞ በእንግሊዝኛ ግሥ መሆኑ ይቀርና «አይ አም ታይርድ» ይሆናል።

ከቤት ውጭ ሆናችሁ ልጃችሁን ስትጠሩት ምን ይላል? «መጣሁ!» ገና ጫማውን አላሰረም፤ ግን ኃላፊ ጊዜ ተጠቀመ። እንግሊዝኛ ለዚህ «አይ አም ካሚንግ» ይላል። ስንሰናበትም «በሉ ሄድኩ» እንላለን፣ እግራችን ገና ደጃፍ ላይ ሳለ። ዕብራይስጥም ይህን ያውቀዋል፤ ወጣቶች ሲነሡ «ሀላኽቲ» ይላሉ፣ «ሄድኩ» ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ በሁለቱም ቋንቋዎቹ የተስማማበትን ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር «አይ ኬም!» ማለቱ አያስደንቅም። እንግሊዛዊ ሰሚ ግን ዞር ብሎ «የት አለህ?» ይላል።

«ትናንት አይቼዋለሁ» የሚለውስ? በአማርኛ ምንም ነውር የለበትም። እንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» የሚለውን አይቀበልም። «ሃቭ» የአሁን ስለሆነች፣ የተዘጋ ጊዜን የሚጠቅስ ቃል፣ «ትናንት»፣ «ባለፈው ዓመት»፣ «በ1991»፣ አጠገቧ አይቀመጥም። ጊዜው ከተጠቀሰ «አይ ሶው ሂም» ማለት ግድ ነው። አማርኛ ይህን ጥብቅነት አያውቅም፤ ስለዚህ ጎበዝ አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ዕብራይስጥ ተናጋሪው ግን፣ ያለቀን ነገር ሁሉ በኃላፊ ጊዜ ስለሚናገር፣ በዚህ ነጥብ ላይ ሳያውቀው ይድናል።

ወደፊትን በአሁን ጊዜ መናገርም አለ። የአማርኛ «እሄዳለሁ» ልማድም ነው ትንቢትም ነው፦ «በየሳምንቱ እሄዳለሁ»፣ «ነገ እሄዳለሁ»። እንግሊዝኛ ይህን ይቆርሰዋል። ከአሽቀሎን ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደው ባቡር የሰዓት ሰሌዳ አለውና «ዘ ትሬይን ሊቭስ አት ሰቨን» ይባላል፣ ቀላሉ መልክ። ከሰው ጋር የተቀጣጠሩበት ነገር ግን «አይ አም ሚቲንግ ማይ አንክል ቱሞሮ» ይሆናል፤ በአማርኛ «ነገ አጎቴን አገኘዋለሁ» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ «ነገ» ያለበትን የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ለመውሰድ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሰሌዳ ነው ወይስ ቀጠሮ?

አራተኛው መልክ ጊዜ አይወስድብንም። «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ፎር አን አወር» የሚለው ረጅም ሰልፍ የሚመስል ግሥ ልጆችን ያስፈራል። አማርኛ «አንድ ሰዓት ሙሉ ስጠብቅ ቆይቻለሁ» ይላል። «ቆይቻለሁ» የ«ሃቭ ቢን»፣ «ስጠብቅ» የ«ዌይቲንግ» ቦታ ነው። ሐኪም ቤት ተራ የጠበቀ አባት ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ብዙ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ ወላጅ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ልጅ በዕብራይስጥ ይመልሳል። ትግርኛ በሚነገርባቸው ቤቶችም ያው ነው፤ ትግርኛም «ይበልዕ አሎ» ብሎ አሁን የሚካሄደውን ለይቶ ይናገራል፤ ሀብቱ እዚያም አለ። ልጁ መልመጃውን ሲሠራ ወላጅ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር መረዳት የለበትም። ልጁ በዕብራይስጥ ይንገረው፤ ወላጅ በአማርኛ ይበለው፤ ልጁ እንደ «እያጠና ነው» ያለ ሰማሁ፣ እንደ «ያጠናል» ያለ ወይስ እንደ «አጥንቷል» ያለ ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አሥር ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ከሠሩ፣ ልጁ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የእናቱን ቋንቋ ስልትም ይሰማል። አማርኛ በእስራኤል ከባግሩት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ በዚያ ለሚፈተን ልጅ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። ጎንደር ያሉት የአጎትና የአክስት ልጆችም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው የሚያንገዳግደው የአሽቀሎን ልጅ እና ዕብራይስጥ የማያውቅ የጎንደር ልጅ በስልክ ሲገናኙ፣ መካከል ላይ የሚገናኙበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ እየተለመደ ነው። እዚያ ነጥብ አይቆረጥም፤ መግባባት ብቻ ነው የሚፈለገው፤ እኔም ከማንኛውም ፈተና ይልቅ እዚያ ላይ ቢበረቱ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱም አፍራሹ ዓረፍተ ነገር ነው። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ሁለት ናቸው። ስንክዳቸው ግን አንድ ይሆናሉ፦ «አልበላሁም»። እንግሊዝኛ እዚያም ይለያል፤ «አይ ዲድንት ኢት» የተዘጋ ጊዜ ነው፣ «አይ ሃቭንት ኢትን» ግን አሁንም ሊበላ የሚችል፣ ምግቡ የሚጠበቅለት ሰው ነው። እዚህ ላይ የግሡ መልክ ስለማይረዳ ልጁ አጠገቡ ያለውን ቃል ይፈልግ። አያቱ «ገና አልበላም» ካሉ «ሂ ሃዝንት ኢትን የት» ነው፤ «ትናንት ማታ አልበላም» ካሉ ደግሞ «ሂ ዲድንት ኢት ላስት ናይት»።